ከጤፍ እስከ ባቄላ፦ ሥርዓተ ፀሐይን ለልጆች በሜዳና በሰማይ ማስተማር

ብዙ ልጆች የፕላኔቶችን ስም ከሜርኩሪ እስከ ኔፕቹን በአንድ ትንፋሽ ይወርዱታል። «ጁፒተር ከመሬት ምን ያህል ትርቃለች?» ሲባሉ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ይህን ያህል» ይላሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። በመጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ነው። ፀሐይንና ስምንቱን ፕላኔቶች በአንድ ገጽ ወርድ ለማስገባት ሠዓሊው ወይ መጠኑን ወይ ርቀቱን ማዛባት ግድ ይሆንበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያዛባል። ልጁ ያንን ሥዕል አንዴ ካመነ በኋላ የሚያነበው ሁሉ በዚያው ላይ ይደረባል። ስለዚህ ትምህርቱ ከስም ሳይሆን ከሜዳ ቢጀምር ይሻላል፤ ስሙ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን ነው። መምህርም፣ ወላጅም፣ የንባብ ክበብ የሚመራ ሰውም ሊሠራበት ይችላል። የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው ከጓዳ ይገኛል።

ሜዳው

ልኩ ይህ ነው፦ መሬትን 1 ሚሊ ሜትር እናደርጋታለን፤ ይኸውም የአንዲት ጤፍ ፍሬ ያህል። እውነተኛዋ መሬት ከዳር እስከ ዳር 12,742 ኪሎ ሜትር ስለሆነች፣ በሜዳችን ላይ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ይህን ያህል ርቀት ይወክላል። ፀሐይ 109 መሬቶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚሞሉት ስፋት አላት፤ በዚህ ልክ 11 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ለዚህ የካልሲ ኳስ ይበቃል። ኳሱ በትክክል ተሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ ሲባጎ በወገቡ ዙሪያ ይጠምጥሙና ይለኩ፦ 34 ሳንቲ ሜትር ከመጣ ልክ ነው። ካነሰ ጨርቅ ይጨመራል፣ ከበዛ ይቀነሳል። ቢጫ ጨርቅ ቢለብስ ከሩቅ ይታያል፤ ይህ በኋላ ስለሚያስፈልግ አይናቅ።

ፕላኔቶቹ እህል ናቸው። ቬነስና መሬት አንድ አንድ የጤፍ ፍሬ። ማርስ የጤፍ ግማሽ፤ ጤፍ ለሁለት መክፈል የማይሞከር ስለሆነ ከፍሬዎቹ መካከል እጅግ ደቃቋ ትመረጥ። ሜርኩሪ ከዚያም ታንሳለች፤ በቀጭን እስክሪብቶ ጫፍ የተነካች ነጥብ ትበቃታለች። ጁፒተር 11 ሚሊ ሜትር ናት፣ አነስ ያለች ባቄላ። ሳተርን 9 ሚሊ ሜትር፤ ደረቁ የአገራችን ሽንብራ ስለሚያንስ ውኃ ውስጥ ያደረ ሽንብራ ይወሰድ። ዩራነስና ኔፕቹን ሁለቱም 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ሁለት የምስር ፍሬ። ባቄላና ምስር ጠፍጣፋ መሆናቸውን፣ ፕላኔቶች ግን ድቡልቡል መሆናቸውን ለልጆቹ መንገር አይርሱ። «መሬት ጤፍ ናት» ብሎ ዝም ማለት ሌላ ስህተት መትከል ነው።

እያንዳንዱ እህል የደብተር ግማሽ በሚያህል ካርቶን ላይ በኮላ ይለጠፍ፤ ስሙም በትልቁ ይጻፍ። ጤፏን በእጅ ይዞ ሜዳ መውጣት የማይሆን ነገር ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ ይዟት ይሄዳል፣ ከወደቀች ደግሞ አትገኝም። ካርቶኑ ነፋስ እንዳይገለብጠው በችካል ላይ ቢሰካ ይመረጣል። በመሬት ካርድ ላይ ከጤፏ 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ አንዲት ደቃቅ ነጥብ ይደረግ፤ ጨረቃ ናት። ከ1969 እስከ 1972 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) 12 ሰዎች ጨረቃ ላይ እግራቸውን አሳርፈዋል። የሰው ልጅ የረገጠው ሩቁ ቦታ በሜዳችን ልክ 3 ሳንቲ ሜትር ነው።

አሁን ገመዱ። 11 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲባጎ ይዘጋጅ። ይህ ከፀሐይ እስከ መሬት ያለው ርቀት ነው፤ በእውነቱ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። የሥነ ፈለክ ሰዎች ይህንኑ ርቀት እንደ መለኪያ ይዘው ሌላውን ሁሉ በእሱ ይሰፍራሉ፤ ልጆቹም በገመዳቸው የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ያሻል። ናይለን ገመድ ሲጎተት ስለሚለጠጥ ኔፕቹን ላይ ሲደረስ ብዙ ሜትር ያሳስታል፤ ሲባጎ ይሻላል። ደግሞም መያዣው ቋጠሮ ከገመዱ ላይ ይበላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቋጥሮ በኋላ መለካት ነው።

በገመዱ ላይ 4 ሜትር ተኩል ሲደርስ ቀይ ክር ይታሰር፤ የሜርኩሪ ቦታ ነው። 8 ሜትር ተኩል ላይ ሌላ ክር፣ ቬነስ። የገመዱ ጫፍ መሬት። ማርስ አንድ ገመድ ተኩል፣ ወደ 18 ሜትር። እስከዚህ ድረስ ልጆቹ ተጠጋግተው እየተጫወቱ ይቆያሉ። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚመጣው። ጁፒተር 5 ገመድ ከሩብ የማትሞላ፣ 61 ሜትር። ሳተርን 9 ገመድ ተኩል፣ 112 ሜትር፤ የእግር ኳስ ሜዳ ዳር ደርሶ ያልፋል። ዩራነስ 19 ገመድ፣ 225 ሜትር። ኔፕቹን 30 ገመድ፣ 353 ሜትር። ገመዱን አንድ ልጅ በፊት አንድ ልጅ በኋላ ይዞ ይሂድ፤ ሌላው ጮክ ብሎ ይቁጠር። በእርምጃ ለመለካት አይሞከር፤ የ8 ዓመት ልጅና የ12 ዓመት ልጅ እርምጃ አንድ ስላልሆነ በመካከሉ ክርክር ይነሣል።

350 ሜትር ያለው የትምህርት ቤት ግቢ እምብዛም አይገኝም። ወደ ዋናው የደሴ አስፋልት መውጣት በፍጹም አይታሰብ። የታጨደ ማሳ ወይም የግጦሽ ሜዳ ካለ በጥርና በየካቲት እጅግ ይመቻል። ከሌለ አጥር ጋ ሲደረስ ዞሮ መመለስ ይቻላል፦ «ዩራነስ እዚህ አጥር ላይ አልቃለች፣ ኔፕቹን ወደ ኋላ 11 ገመድ ናት» ተብሎ ይነገራቸው። ወይም እስከ ሳተርን ብቻ ሠርቶ የቀረውን ከግቢው ውጭ ባለ በሚያውቁት ነገር ማመልከት ነው፤ እገሌ ሱቅ ጋ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ።

ሁሉም በየቦታው ሲቆም ሦስት ነገር ይሠራ። አንደኛ፣ መሬት ካርድ ጋ ያለው ልጅ እጁን ዘርግቶ በትንሿ ጣቱ ኳሱን ይሸፍን። ከዚያች ነጥብ ላይ ኳሱ የሚታየው ልክ ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትታየውን ያህል ነው፤ ልኩ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠውም በዚህ ነው። ሙከራው በኳሱ ላይ ብቻ ይሁን፤ ወደ እውነተኛዋ ፀሐይ ቀና ማለት ዓይን ያጠፋል። ሁለተኛ፣ ከኔፕቹን ላይ ሆኖ ወደ ኳሱ ማየት። ቢጫ ያልነው ለዚህ ነበር፤ ዓይኑ ጥሩ የሆነ ልጅ እንኳ በጭንቅ ያየዋል። ኔፕቹን ለምን በረዶ እንደሆነች ያን ጊዜ ማብራሪያ አያሻውም። ሦስተኛ፣ ብርሃንን ማስኬድ። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድም ከፀሐይ መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሜዳችን ይህ በደቂቃ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ልጅ በዚህ ፍጥነት ከፀሐይ ወደ ሜርኩሪ ይራመድ፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ኔፕቹን ለመድረስ ከ4 ሰዓት በላይ እንደሚያስፈልገው ሲሰማ ይገረማል።

«ከኔፕቹን በኋላስ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። በ1977 የተመነጠቀችው ቮዬጀር 1 መንኮራኩር ዛሬ በዚህ ልክ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃለች። ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ቅርብ ኮከብ ደግሞ 3,150 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን አልፎ ቱርክ ዳርቻ መድረስ ነው። በመካከሉ እዚህ ግባ የሚባል ሌላ ኳስ የለም።

አንድ ስህተት ግን ይህ ሙከራ ራሱ ይፈጥራል። ፕላኔቶቹ በአንድ መስመር የተሰለፉ ይመስላሉ። ስለዚህ ከመበተናቸው በፊት እስከ ማርስ ያሉት አራት ልጆች ካርዳቸውን ይዘው በኳሱ ዙሪያ ይዙሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ርቀት ጠብቆ፣ የቅርቡ ፈጠን፣ የሩቁ ዘግየት እያለ። ሜርኩሪ በ88 ቀን፣ ቬነስ በ225፣ መሬት በ365፣ ማርስ በ687 ቀን ነው የምትዞረው። ማርስ አንድ ዙር ሳትጨርስ ሜርኩሪ ሰባት ጊዜ ዞራ ስምንተኛውን ለመጨረስ ትቃረባለች።

አማርኛው ራሱ የሚያደናግርበት

በዚህ ትምህርት ላይ ልጆች የሚስቱት ስለማያስቡ ሳይሆን ቃሉ ሁለት ፊት ስላለው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። «መሬት ትዞራለች» ሲባል በራሷ ላይ ነው ወይስ በፀሐይ ዙሪያ? አማርኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ይሰጣል። ከመጀመሪያው ቀን ለይቶ መናገር ነው፦ በራሷ ላይ ስትሆን «ትሽከረከራለች»፣ በፀሐይ ዙሪያ ስትሆን «ትዞራለች»። የገጠር ልጅ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። እንዝርት ይሽከረከራል፤ በአውድማ ላይ በሬ ይዞራል። መሬት ሁለቱንም በአንድ ላይ ታደርጋለች፤ እንዝርት እያሾረ አውድማ የሚዞር ሰው ማለት ነው። አንድ ልጅ ይህን በተግባር ቢያሳይ ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። እንዝርቱ ሲሽከረከር የሚፈጀው ቀን ነው፣ አውድማውን ዞሮ ሲጨርስ ዓመት።

«ዛቢያ» ለብዙ ልጅ የመጥረቢያ እጀታ ነው። በሳይንስ መጽሐፍ «መሬት በዛቢያዋ ትሽከረከራለች» የሚለውን ሲያነብ በመሬት መካከል የተሰካ እንጨት ያስባል። ቃሉን ከመተው ይልቅ «በሐሳብ ብቻ ያለ፣ እንደ እንዝርቱ እንጨት ያለ መስመር» ብሎ ማስተካከል ይበጃል። «ምህዋር» ደግሞ በሬው የሚረግጠው ዙሪያ ነው።

«ኮከብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የአጥቢያ ኮከብ ኮከብ አይደለችም፤ ቬነስ ናት፣ የጤፏ ፍሬ። አንዳንድ ወራት ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ፣ አንዳንድ ወራት ፀሐይ ስትጠልቅ በምዕራብ ትታያለች። ተወርዋሪ ኮከብም ኮከብ አይደለም፤ አብዛኛው ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር የማይበልጥ ሆኖ አየር ላይ ሲነድ የሚታይ ነው። በዓይን የሚታዩት አምስት ፕላኔቶች በድሮ መጻሕፍት አጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል ይባላሉ፤ ከዐረብኛ የመጡ ስሞች ናቸው። አያቱ ቤት የሰማቸው ልጅ ካለ አያፍርባቸው፤ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን መሆናቸውን ይወቅ። ዕድል የሚነግረው ኮከብ ቆጠራና ቦታቸውን የሚለካው ሥነ ፈለክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በዚያው ቢነገር ጥሩ ነው፤ ወላጆችም ይህን ማወቅ ይፈልጋሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን «ክረምት» ነው። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ «በክረምት በረዶ ይወርዳል፣ ቀኑ ያጥራል» ይላል። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ነው፤ ቀኑም አያጥርም። እንዲያውም ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 አካባቢ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው በሰሜን አገሮች በታኅሣሥና በጥር ስላለው ብርድ ነው፤ ያ ጊዜ ለእኛ በጋ ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገጥም ቆም ብሎ «ይህ የት አገር ነው? በእኛ ወር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅን ልጁ ይልመድ።

ቀንና ሌሊት፣ ጥላና ወቅት

ጨለማ ክፍል፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ብርቱካን፣ ብርቱካኑን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቀጭን እንጨት። በብርቱካኑ ላይ ለሰሜን ሸዋ ምልክት አድርጎ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቀስ ብሎ ማሽከርከር። ከላይ፣ ከሰሜን በኩል ሲያዩት የሰዓት ቆጣሪ ከሚሄድበት ተቃራኒ ነው። ምልክቷ ከጨለማው ወጥታ ብርሃን ስትነካ ንጋት ነው፤ ሰዓት አቆጣጠራችን ከዚያ ይጀምራል። 1 ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ገደማ ሆናት ማለት ነው። ይህ ለምን እንደሚሠራልን ልጆቹ ይወቁት፦ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። በደብረ ብርሃን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ለወቅት እንጨቱን ማጋደል ያስፈልጋል፤ የመሬት ማጋደል 23 ዲግሪ ተኩል ነው። ፕሮትራክተር ከሌለ ሰዓት ይበቃል፦ ረጅሙ ቆጣሪ ከ12 ላይ ተነሥቶ 4 ደቂቃ ሲሄድ የሚያዘነብለው ያህል። ከዚያ ብርቱካኑን ባትሪው ዙሪያ ማዞር ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚስታት አንድ ነገር አለች። ሲዞሩ እንጨቱን ወደ ባትሪው እያዞሩ ይሄዳሉ። እንጨቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ግድግዳ እንዳጋደለ መቅረት አለበት፤ ያ ካልሆነ ወቅት የሚባል ነገር አይታይም።

«ሙቀት የሚሆነው ፀሐይ ስትቀርብ ነው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ለዚህ መልሱ ከዚሁ ከአገራችን ይገኛል። ደብረ ብርሃን ከሸዋ ሮቢት በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ለሰማይ የቀረበችው እሷ ናት፣ የሚበርዳትም እሷ። ጣርማበርን ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሄደ ልጅ ሁሉ ጋቢውን በመንገድ አውልቋል። ሁለተኛው ማስረጃ፦ መሬት ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፤ ደጋው በውርጭ የሚመታውም በዚያው ሰሞን ነው። እጅግ የምትርቀው ሰኔ 27 አካባቢ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ይኸው የደጋና የቆላ ነገር ቬነስንም ያስረዳል። ከሜርኩሪ ይልቅ ከፀሐይ ርቃ ሳለ ከፕላኔቶች ሁሉ የምትሞቀው እሷ ናት፣ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፤ እርሳስ የሚባለው ብረት ከሚቀልጥበትም በላይ የሆነ ሙቀት ነው። ምክንያቱ የለበሰችው አየር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት፣ ከመሬት አየር በ90 እጥፍ የሚከብድ። ሜርኩሪ ግን አየር የላትም ለማለት ይቻላል፤ ቀን 430 ዲግሪ ደርሳ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ትወርዳለች። አንደኛዋ ብዙ ባና ደርባ የተኛች፣ ሌላዋ ራቁቷን ያደረች ማለት ነው።

የጥላው ሙከራ ለእኛ አካባቢ የተለየ ስጦታ ነው። የውጭ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ። በሰሜን ሸዋ እንዲህ አይደለም። ቀጥ ያለ የ1 ሜትር ዘንግ ለጥ ባለ ቦታ ይተከል፤ መቅናቱ በክር ላይ በታሰረ ድንጋይ ይረጋገጥ። የሚለካው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው፤ የአገራችን ሰዓት ከእኛ በምሥራቅ ባለ መስመር የተቆረጠ ስለሆነ ፀሐይ ደብረ ብርሃን አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ ነው። በታኅሣሥ 12 ጥላው ወደ ሰሜን 65 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ እያጠረ ሄዶ ሚያዝያ 7 አካባቢ ከዘንጉ ሥር ይጠፋል፤ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ናት። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፣ ሰኔ 14 ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ይመለሳል፤ ነሐሴ 22 አካባቢ እንደገና ይጠፋል። የነሐሴውን ደመና ስለሚጋርደው የሚያዝያው ላይ መዘጋጀት ይበጃል። ከእኛ በደቡብ ባለችው ምንጃር ላይ የሚያዝያው ቀን ሁለት ቀን ያህል ይቀድማል፣ በሰሜን ባለችው መሐል ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ያህል ይዘገያል። ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተነጋግረው ቢያነጻጽሩት፣ መሬት ድቡልቡል መሆኗን ልጆቹ ራሳቸው ለክተው አገኙ ማለት ነው።

ለጨረቃ ያው ባትሪ ይበቃል። ልጁ ራሱ መሬት ነው፤ ነጭ ኳስ ወይም የተላጠ ድንች በእንጨት ላይ ሰክቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በቦታው ቀስ ብሎ ይዙር። ኳሱን ከራሱ በላይ ከፍ ካላደረገ የጭንቅላቱ ጥላ ያርፍበትና «ጨረቃ የምትጎድለው የመሬት ጥላ ሲያርፍባት ነው» የሚለው የተለመደ ስህተት እዚያው ይጸድቅለታል። የመሬት ጥላ የሚያርፍባት በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ፀሐይ ግርዶሽ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በአገራችን ፀሐይ በከፊል ትጋረዳለች። በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ በሳህን ያለ ውኃ፣ አንዳቸውም ዓይንን አያድኑም። ካርቶን ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በመርፌ ይብሱ፣ ጀርባዎን ለፀሐይ ይስጡ፣ ብርሃኑን 1 ሜትር ርቆ ባለ ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉ፤ 9 ሚሊ ሜትር የሆነች ፀሐይ ትታያለች። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ወንፊት ካለ በአንድ ጊዜ ብዙ ፀሐዮች ይወጣሉ።

ሌሊት

ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል። ብርዱ ግን ትምህርቱን ያቋርጣል፤ የበረደው ልጅ ሳተርንን አያይም፣ ቤቱን ነው የሚያስበው። ጋቢና ካልሲ፣ መንዝ ላይ ከሆነ ባና፣ የሚቀመጡበት ሰሌን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል በቂ ነው፤ ወላጅ ባለበት፣ በግቢ ውስጥ። ዓይን ከጨለማ ጋር እስኪለማመድ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ባትሪ ካስፈለገ አፉ በቀይ ፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰር።

ፕላኔትን ከኮከብ መለያው ቀላል ነው። ኮከብ ይርገበገባል፤ ፕላኔት ብርሃኗ የረጋ ነው። ከአድማስ አጠገብ ያለ ነገር ሁሉ ስለሚርገበገብ ግን ከፍ ያለውን መምረጥ ነው። ፕላኔቶች ፀሐይና ጨረቃ በሚሄዱበት መንገድ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይገኙም። ያ መንገድ በእኛ አገር በአናት አጠገብ ስለሚያልፍ ቀና ብሎ መፈለግ ያሻል። ቬነስ እጅግ ደማቋ ናት፣ ግን ከፀሐይ ስለማትርቅ እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ የምትታይ ደማቅ ነገር ቬነስ አይደለችም፤ ብዙውን ጊዜ ጁፒተር ትሆናለች። ማርስ ቀላ ትላለች፣ ሳተርን ፈዘዝ ያለ ቢጫ። በተራ ባለሁለት ዓይን መነጽር ጁፒተርን ሲያዩ ጋሊልዮ በ1610 ያያቸው አራት ጨረቃዎች በጎኗ እንደ ነጥብ ተደርድረው ይታያሉ፤ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መነጽሩን አጥር ወይም የወንበር መደገፊያ ላይ ማሳረፍ ነው። የሳተርን ቀለበት ግን በዚህ አይታይም፣ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል፤ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ያዝናሉ። የዚያን ምሽት የትኛዋ ፕላኔት የት እንዳለች ስቴላሪየም የተባለው ነፃ መተግበሪያ ያሳያል፤ ከመውጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ አይተው ይጨርሱ።

ደብረ ብርሃን ላይ ለሚያስተምር ሰው በእጁ ያለ ታሪክ አለ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው። የሃሌ ጅራታም ኮከብ በ1456 በዓለም ላይ በግልጽ ታይቶ ስለነበር ያ ብርሃን እሱ ሊሆን ይችላል ያሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ሃሌ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ይመጣል፤ መጨረሻ የታየው በ1986 ነው፣ ቀጣዩ በ2061፣ በእኛ 2053 ዓ.ም.። በዚያን ጊዜ ስንት ዓመት እንደሚሆናቸው ልጆቹ ራሳቸው ያስሉት።

ንባቡና ትንሿ መጽሐፍ

አሁን መጽሐፍ ይገለጥ። ከአንድ ሳምንት ሜዳ በኋላ ያው የቀድሞ ሥዕል ሲታይ ልጆቹ «ይህ ልክ አይደለም» ይላሉ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው የንባብ ሥራ ሥዕሉን ማረም ይሁን፦ ምኑ ልክ ነው? ቅደም ተከተሉ። ምኑ ልክ አይደለም? ርቀቱ። ከዚያ አንድ አንቀጽ ጮክ ተብሎ ይነበብና እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ያስምር። ቁጥሩ ስለ መጠን ነው፣ ስለ ርቀት፣ ወይስ ስለ ጊዜ? ይህን መለየት የማይችል አንባቢ «ጁፒተር 12 ዓመት ይፈጅባታል» የሚለውን ዕድሜዋ ነው ብሎ ያልፋል። የ12 ዓመት ልጅ በጁፒተር አቆጣጠር ገና አንድ ዓመቱን መድፈኑ እንደሆነ፣ በሜርኩሪ ደግሞ 49 ዓመት ያለፈው ጎልማሳ እንደሆነ ሲነገረው ግን አይረሳውም።

የቆየ መጽሐፍ ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው ይላል። ፕሉቶ በ2006 ፕራግ በተደረገው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጉባኤ «ድንክ ፕላኔት» ተብላ ተመድባለች፤ መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ ትክክል ነበር። የጨረቃዎችን ቁጥር ማሸምደድ ደግሞ ድካም ነው፦ የሳተርን ብቻ በ2025 መጋቢት ላይ በአንድ ጊዜ 128 ተጨምረው 274 ደርሰዋል። ስሞቹን ለመያዝ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማጨብጨብ ይበቃል፦ ሜርኩሪ ቬነስ፣ መሬት ማርስ፣ ጁፒተር ሳተርን፣ ዩራነስ ኔፕቹን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምስሮች ናቸው።

ለመዝጊያ እያንዳንዱ ልጅ ስለ አንዲት ፕላኔት ባለ 8 ገጽ መጽሐፍ ይሥራ። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሲታጠፍ 8 ክፍል ይወጣል። ወረቀቱ ተዘርግቶ በወርዱ ለሁለት ይታጠፍ፤ ከታጠፈው ጎን በመካከሉ እጥፋት ላይ እስከ መሐል ብቻ በመቀስ ይቆረጥ። እንደገና ተዘርግቶ በርዝመቱ ሲታጠፍና ከሁለት ጫፍ ወደ መሐል ሲገፋ መጽሐፍ ይሆናል። ከመሐል አልፎ የቆረጠ ልጅ ሁለት ወረቀት ስለሚቀረው መቀሱ የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ በእርሳስ ይመልከት። ገጾቹ፦ ስምና ሥዕል፣ በሜዳችን ላይ የትኛው እህል እንደሆነች፣ ስንት ገመድ እንደምትርቅ፣ ቀኗ፣ ዓመቷ፣ ሙቀቷና አየሯ፣ ሄጄ ብኖር ምን ያስቸግረኛል፣ መልሱን ያላገኘሁት ጥያቄ። ፈጠን ያለ ልጅ ካለ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ያለች ፕላኔት ይሰጠው፤ በ2019 ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ስያሜ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ እሱን የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላለች።

መጽሐፎቹን ክፍል ውስጥ በሲባጎ ላይ መስቀል ይቻላል፤ ያው 11 ሜትር ከ75ቱ ገመድ ያገለግላል። ካርዶቹ ለሚቀጥለው ዓመት በክዳን ዕቃ ይቀመጡ። ሽንብራው ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ባቄላውንም ነቀዝ ስለሚበላው ሁለቱ በየዓመቱ ይቀየሩ፤ ጤፉና ምስሩ ይቆያሉ።